ጆሮ የሚሰጡት ፖድካስት፦ አፈላለጉና አጠቋቆሙ

«የሚደመጥ ፖድካስት ንገረኝ» የተባለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዝግጅት ስም ይጠራል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ጠያቂው ስሙን ስልኩ ላይ ይፈልጋል፣ ሁለት መቶ የሚሆኑ ክፍሎች ተደርድረው ያገኛል፣ ከየትኛው መጀመር እንዳለበት ስለማያውቅ ከላይ ያገኘውን ከፍቶ ዐሥር ደቂቃ ያህል ያዳምጣል፣ ከዚያም ይተወዋል። ለታላቅ እህቴ የጠቆምኳቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፖድካስቶች ዕጣ ይኸው ነበር። እህቴ አሜሪካ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ስትሆን፣ ለማዳመጥ የሚተርፋት ጊዜ ወደ ሥራ የምትነዳበት አርባ ደቂቃ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ በዚያች አርባ ደቂቃ ውስጥ ራሷ እየፈተሸች የምትመርጥበት ክምር ነበር የላክሁላት። በአራተኛው ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ መርጬ፣ ለምን ለእርሷ እንደመረጥኩት በሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፌ ላክሁላት፤ በማግስቱ ጨርሳው ደወለችልኝ።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው መንገድ አንድ ነው፦ ፍለጋውን ከሰውና ከጥያቄ እጀምራለሁ፣ ጥቆማውን ደግሞ በአንድ ክፍል እወስናለሁ። ከዚህ በታች የማቀርበው ይህንኑ በዝርዝር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የት እንደሚፈለግ

ፖድካስት የሚለው ስም አይፖድ ከተባለው የአፕል ማጫወቻና ብሮድካስት ከሚለው ቃል ተዳቅሎ በ2004 በእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ የታየ ሲሆን፣ አፕል በ2005 ፖድካስቶችን አይቲውንስ በተባለው የሙዚቃ መተግበሪያው ውስጥ ካካተተ በኋላ ነገሩ ብዙ ሰው ዘንድ ደረሰ። ከስሙ አመጣጥ በላይ ለአድማጭ የሚጠቅመው ግን አሠራሩን ማወቅ ነው። አዘጋጁ የድምፅ ፋይሎቹን በኢንተርኔት ላይ አስቀምጦ አርኤስኤስ የሚባል ዝርዝር ያወጣል፤ በዝርዝሩ ላይ የእያንዳንዱ ክፍል ርዕስ፣ የወጣበት ቀንና ፋይሉ የሚገኝበት አድራሻ ይሰፍራል፤ የፖድካስት መተግበሪያዎች ሁሉ ይህንን ዝርዝር እያነበቡ አዲስ ክፍል መውጣቱን ይነግሩናል። በዚህ ምክንያት አፕል ፖድካስትስ ላይ የምናገኘው ዝግጅት አብዛኛውን ጊዜ በፖኬት ካስትስም ሆነ ያለ ክፍያ በሚገኘው አንቴናፖድ ላይ ይኖራል፤ ስለዚህ በመተግበሪያ ምርጫ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። የሚከተሏቸውን ዝግጅቶች ዝርዝር ኦፒኤምኤል በሚባለው ፋይል አውጥቶ ማስቀመጥ ግን ተገቢ ነው። ጉግል ፖድካስትስ በ2024 ሲዘጋ ይህንን ፋይል የያዘ አድማጭ ዓመታት ያሰባሰበውን ዝርዝር ሳያጣ ወደ ሌላ መተግበሪያ መዛወር ይችል ነበር።

በአማርኛ የሚዘጋጁትን ስንፈልግ ሁኔታው ይለያል። ፖድካስት ተብለው ከሚጠሩት የአማርኛ ዝግጅቶች ብዙዎቹ የሚኖሩት በዩቲዩብ ቻናል ወይም በቴሌግራም ብቻ ነው፤ የአርኤስኤስ ዝርዝር ስለሌላቸው በፖድካስት መተግበሪያ ውስጥ ቢፈለጉ አይገኙም። አንድ ሰው በመተግበሪያው ፈልጎ «በአማርኛ ምንም የለም» ብሎ የሚደመድመው ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ ፍለጋው በሦስቱም ቦታ፣ ማለትም በመተግበሪያው፣ በዩቲዩብና በቴሌግራም፣ ሊካሄድ ይገባል።

በፍለጋው ጊዜ የፊደላችንን ጠባይ ማስታወስ ያስፈልጋል። እኛ አንድ ድምፅ አድርገን የምናነባቸውን ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን የፍለጋ ሥርዓት እንደተለያዩ ፊደላት ሊቆጥራቸው ይችላል። «ሥነ ጽሑፍ» ብሎ የፈለገ ሰው «ስነ ፅሁፍ» ተብሎ የተሰየመውን ክፍል ላያገኘው ይችላል፤ ሁለቱ ቃላት ተያይዘው «ስነፅሁፍ» ተብለው ከተጻፉ ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ነገር ይሆናል። እኔ ቢያንስ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ሳልሞክር ፍለጋ አልተውም፤ ከዚያም ስሙን በላቲን ፊደል ጽፌ እሞክራለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ አዘጋጆች የአማርኛ ዝግጅታቸውን ርዕስ በላቲን ፊደል ያስቀምጣሉ። የላቲኑ አጻጻፍም እንደ ጸሐፊው የሚለያይ ስለሆነ፣ በዝግጅቱ ርዕስ ካልተገኘ በእንግዳው ስም መፈለግ ይሻላል።

የዳታውንም ነገር አብረን እናስላ። በሰከንድ 64 ኪሎቢት ሆኖ የተቀዳ ድምፅ ለአንድ ሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ በ128 ኪሎቢት የተቀዳው 58 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ለንግግር የመጀመሪያው መጠን በቂ ነው። ያንኑ ጭውውት በዩቲዩብ በምስል መከታተል ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይፈጃል፤ በተጨማሪም ክፍያ ያልፈጸመ ተጠቃሚ የስልኩን መስታወት ሲያጠፋ ድምፁ አብሮ ይቋረጣል። ስለዚህ አንድ ዝግጅት በድምፅ ብቻም የሚገኝ ከሆነ ያንን መምረጥ፣ መተግበሪያውንም በዋይፋይ ብቻ እንዲያወርድ ማዘዝ፣ ከዚያም መንገድ ላይ ያለ ዳታ ማዳመጥ ይቻላል።

ከሰው መጀመር

በየመተግበሪያው ፊት ለፊት የሚታየው የደረጃ ሰንጠረዥ ብዙ ሰው አሁን የሚያዳምጠውን ያሳያል። ይህ በራሱ ጠቃሚ መረጃ ነው፤ ይሁን እንጂ ዝነኛ አቅራቢ ያለው ወይም ብዙ ማስታወቂያ የተነገረለት ዝግጅት በቀላሉ ከላይ ስለሚወጣ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ዓመት የደከሙ ሰዎች ሥራ ከሰንጠረዡ ግርጌ ወይም ከውጭ ሊቀር ይችላል። እኔ ሰንጠረዡን የማየው ከሁሉ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ የምከተለው የሠሪዎቹን ስም ነው። በጣም የወደድነው ክፍል ሲያልቅ አዘጋጆቹን፣ አርታኢዎቹንና ዘጋቢዎቹን የሚጠራ አንድ ደቂቃ አለ፤ አብዛኞቻችን እዚያ ላይ እንዘጋዋለን፣ እኔ ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ደቂቃ እርሱ ነው እላለሁ። ለምሳሌ በ2014 የወጣውን፣ አንድ የግድያ ጉዳይ የሚመረምረውን የአሜሪካ ፖድካስት «ሲሪያል»ን እንመልከት። አቅራቢዋ ሳራ ኮኒግ ከዚያ ቀደም «ዚስ አሜሪካን ላይፍ» በተባለው፣ አይራ ግላስ በ1995 ቺካጎ ውስጥ በጀመረው የሬዲዮ ዝግጅት አዘጋጅ ነበረች። ከዚሁ ቡድን በ2017 «ኤስ ታውን» ወጣ። አንዱን የወደደ ሰው የአሠራሩን ዝምድና ተከትሎ ወደ ሌሎቹ ይደርሳል፤ ይህንን ዝምድና የርዕሰ ጉዳይ ምድብ አያሳየውም፣ ምክንያቱም አንዱ «ወንጀል»፣ ሌላው «ኅብረተሰብ» በሚል ምድብ ተለያይተው ሊቀመጡ ይችላሉ።

ሁለተኛው መንገድ እንግዳው ነው። መጽሐፉን የወደድንለት ደራሲ ወይም ንግግሩ የማረከን ሐኪም ከአንድ በላይ በሆኑ ዝግጅቶች ላይ ቀርቦ ይሆናል፤ ስሙን ብቻ ጽፈን ብንፈልግ አንድን ሰው የተለያዩ ጠያቂዎች እንዴት እንዳናገሩት እናነጻጽራለን፤ የጠያቂ ችሎታም ከዚያ በላይ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ የለም። ቢቢሲ ሬዲዮ 4 ከ1998 ጀምሮ የሚያቀርበው «ኢን አወር ታይም» ለዚህ የተመቸ ነው፤ በየክፍሉ በአንድ ጉዳይ ላይ የሚመራመሩ ሦስት ምሁራን ይቀርባሉ፣ በዝግጅቱ ገጽ ላይም ተጨማሪ የሚነበቡ መጻሕፍት ዝርዝር ይቀመጣል። አንድ ክፍል በዚህ መንገድ ሦስት ስሞችንና አንድ የንባብ ዝርዝር ይሰጣል፤ ከእነርሱ ተነሥቶ ለወራት መፈለግ ይቻላል።

ሽልማቶችም እንደ መነሻ ያገለግላሉ። የአሜሪካው የጋዜጠኝነት ሽልማት ፑሊትዘር በ2020 የድምፅ ዘገባ የሚል ዘርፍ የጨመረ ሲሆን፣ በየዓመቱ አሸናፊውን ብቻ ሳይሆን ለመጨረሻው ዙር የቀረቡትንም ያሳውቃል። በቂ ዝርዝር ነው፤ ከዚህ በላይ አላረዝመውም።

ወደ አማርኛው ስንመጣ ከፖድካስት ቀደም ብሎ የተከማቸውን የሬዲዮ ሀብት መርሳት የለብንም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ልብ ወለድ ሲተርክ አገር ሥራ ፈትቶ ያዳምጥ የነበረ ሕዝብ ልጆች ነን፤ በጆሮ መከታተል ለእኛ አዲስ ልማድ አይደለም። በሸገር ኤፍኤም 102.1 መዓዛ ብሩ የምታቀርበው «የጨዋታ እንግዳ» የአንድን ሰው ሕይወት በተከታታይ ሳምንታት እየተረተረ የሚሄድ ሲሆን፣ የእሸቴ አሰፋ «መቆያ» ደግሞ ታሪክን ይተርካል፤ ሁለቱም አየር ላይ ከዋሉ በኋላ በኢንተርኔት ይገኛሉ። በ1965 የተመሠረተው የዶይቸ ቬለ አማርኛ ክፍል «ማኅደረ ዜና»ን የመሰሉ ሳምንታዊ ዝግጅቶቹን በድምፅ ያስቀምጣል። የአውስትራሊያው ኤስቢኤስ አማርኛ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ስለ ሕክምና፣ ስለ ትምህርትና ስለ ሥራ ሕግ የሚጠይቁትን በአጫጭር ክፍሎች ይመልሳል። እነዚህን በፖድካስትነት የማያስብ ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን በአማርኛ ጥቆማ ስጠየቅ መጀመሪያ የምመለከተው እነርሱን ነው።

ሰውንም ስንጠይቅ አጠያየቃችን መልሱን ይወስነዋል። «ጥሩ ፖድካስት ታውቃለህ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ዝነኛ ስም ነው። «ሰምተኸው ለሌላ ሰው ያወራኸው የመጨረሻው ክፍል የትኛው ነው?» ብንል ግን ጓደኛችን ቆም ብሎ ያስባል፤ የሚነግረንም በእርግጥ ያዳመጠውን ነው።

መመዘን

ከመጠቆም በፊት ክፍሉን እስከ መጨረሻ ማዳመጥ ግዴታ ነው፤ ለራስ ለመምረጥ ግን መጀመሪያው ዐሥር ደቂቃና ከመሐል አምስት ደቂቃ ይበቃል። መሐሉን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መግቢያ የሚጻፍና የሚለማመዱት ነው፣ መሐሉ ላይ ግን ዝግጅቱ በእርግጥ ተሠርቶበት እንደሆነ ወይም ሁለት ሰዎች ማይክሮፎን ፊት ጊዜ እያሳለፉ እንደሆነ ይለያል።

በቃለ መጠይቅ የማዳምጠው ጠያቂውን ነው። እንግዳው ያልተጠበቀ ነገር ሲናገር ጠያቂው ያንን ይከተላል ወይስ ወደ ተጻፈለት ቀጣይ ጥያቄ ይዘላል? ዓመተ ምሕረትና የሰው ስም ሲምታታ ያቃናል? በዘመናችን የአማርኛ ፖድካስቶች ላይ ያለኝ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው፦ ሁለትና ሦስት ሰዓት የሚወስዱ ብዙ ጭውውቶች የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት በመወዳደስ ይፈጃሉ፣ ጥያቄዎቹም መልሳቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ «ያ ጊዜ በጣም ከባድ ነበር አይደል?» ለተባለ እንግዳ ከ«አዎ» በስተቀር ምን ቀረለት? ርዝመቱ በራሱ ጥፋት የለውም፤ ጥፋቱ አርትዖት አለመኖሩ ነው። ተሰጥኦ ያላቸው ወጣት አቅራቢዎች ሦስቱን ሰዓት ወደ ሰባ ደቂቃ ቢያሳጥሩት ሥራቸው ብዙ እጥፍ አድማጭ ዘንድ በተሟላ ሁኔታ ይደርስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በምርመራ ዘገባ የምመዝነው የተደከመበትን ያህል ነው። «ኢን ዘ ዳርክ» በ2018 በወጣው ሁለተኛ ምዕራፉ በሚሲሲፒ ግዛት በአንድ ወንጀል ስድስት ጊዜ ለፍርድ የቀረበውን የከርቲስ ፍላወርስን ጉዳይ ይዞ ነበር። ዘጋቢዎቹ ወደዚያው አካባቢ ተዛውረው ለወራት ሲኖሩ፣ ከ1992 እስከ 2017 የአካባቢው ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የያዛቸውን 225 የፍርድ ሂደቶች መዝገብ እየፈለጉ አጠኑ፤ ቢሮው በጁሪነት፣ ማለትም ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን ለመወሰን፣ ከሚቀርቡ ዜጎች መካከል ጥቁሮችን ከነጮቹ 4.5 ጊዜ ገደማ በሚበልጥ መጠን ያስወጣ እንደነበርም አሳዩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 ፍርዱን ሻረው፣ በ2020 ክሱ ተነሣ። እንዲህ ያለውን ሥራ ስንሰማ «ይህንን እንዴት አወቃችሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በየክፍሉ ውስጥ ይገኛል። ይህ መልስ የማይገኝበትን የምርመራ ፖድካስት ለሰው አልጠቁምም።

በጤናና በገንዘብ ጉዳይ ደግሞ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ ተናጋሪው የሚመክረውን ነገር ራሱ ይሸጠዋል? ተጨማሪ ምግብ፣ ሥልጠና ወይም የኢንቨስትመንት ዕድል በመጨረሻ የሚሸጥ ከሆነ ክፍሉ ማስታወቂያ ነው። በሕክምና ላይ ያለ ዘመድ በእንዲህ ዓይነቱ ምክር መድኃኒቱን ሊያቋርጥ ስለሚችል፣ በዚህ ረገድ የምናደርገው ጥንቃቄ ከጣዕም ምርጫ በላይ ነው።

ጥቆማውን መጻፍ

ጥቆማ ለአንድ ሰው ይጻፋል። ለሠላሳ ሰዎች ቡድን የተላከ ማስፈንጠሪያ የማንም አይደለም፤ ስም ተጠርቶ የተላከ ግን ተቀባዩ እንደታሰበበት ይነግረዋል። በውስጡ የክፍሉ ርዕስና የወጣበት ዓመት፣ ርዝመቱ፣ ቋንቋው፣ ለዚያ ሰው የተመረጠበት ምክንያትና ማስጠንቀቂያ የሚያሻው ነገር ካለ እርሱ ይገባሉ። መግቢያው የሚሰለች ከሆነ ከስንተኛው ደቂቃ እንደሚጀመር መናገር ነውር የለውም። ክፍሉ ግድያ ወይም በልጅ ላይ የደረሰ በደል የሚነሣበት ከሆነ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት እያደረሰ በመኪና የሚያዳምጠው ወላጅ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

ዓመቱን መጻፍ ለምን እንዳስፈለገ በ«ሲሪያል» ይታያል። የመጀመሪያው ምዕራፍ በአሜሪካዋ ባልቲሞር በ1999 ስለተገደለችው ሄ ሚን ሊና በግድያው ስለተፈረደበት አድናን ሰይድ ነበር። ዝግጅቱ ከወጣ በኋላ ፍርዱ በ2022 ተሰረዘ፣ በ2023 በይግባኝ ተመለሰ፣ በ2025 ደግሞ ጥፋተኝነቱ እንዳለ ሆኖ እስከዚያ የታሰረው ይበቃዋል ተብሎ ተወሰነ። ይህንን ሳይነግሩ የ2014ቱን ክፍል ብቻ መላክ አድማጩን ግማሽ መንገድ ላይ መተው ነው። የሟቿ ቤተሰቦች ጉዳዩ በተነሣ ቁጥር ሐዘናቸው እንደሚቀሰቀስም አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

ፋይሉን አውርዶ በቴሌግራም መላክ ለተቀባዩ ቀላል ነው፤ ለአዘጋጁ ግን ያ አድማጭ አይቆጠርለትም፣ ከማስታወቂያ የሚያገኘውም ይቀርበታል። ስለዚህ ማስፈንጠሪያውን ልኮ እንዴት እንደሚወርድ ማሳየቱ ይሻላል። ለአባትና ለእናት ሲሆን ስልካቸውን ተቀብሎ መተግበሪያውን መጫን፣ ክፍሉን ማውረድና ፍጥነቱ መደበኛው መሆኑን ማረጋገጥ ነው ያለብን፤ እኛ በአንድ ተኩል እጥፍ ፍጥነት የምንሰማው ለእነርሱ ጥድፊያ ይሆንባቸዋል።

ባለፈው ዓመት ለአንድ አጎቴ የላክሁት መልእክት ይህን ይመስል ነበር፦

«ጋሼ፣ ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ፖርቹጋሎች ኢትዮጵያን ለምን ይፈልጓት እንደነበር ሲያነሡ አንድ ክፍል ትዝ አለኝ። የቢቢሲው ‹ኢን አወር ታይም› በ2015 ‹ፕሪስተር ጆን› በሚል ርዕስ ያቀረበው ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን በምሥራቅ አለ ይሉት ስለነበረውና በኋላ ከኢትዮጵያ ንጉሥ ጋር ስላያያዙት ባለጸጋ ክርስቲያን ንጉሥ አፈ ታሪክ ሦስት ምሁራን ይወያዩበታል። እንግሊዝኛ ነው፣ ከሦስት ሩብ ሰዓት አይበልጥም። እርስዎ የአገራችንን ጽሑፎች ስለሚያውቁ ምሁራኑ የዘለሉት ነገር ካለ ሊነግሩኝ የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ቅዳሜ ስመጣ ስልክዎ ላይ አወርድልዎታለሁ።»

የመጨረሻው ጥያቄ ለሰውየው ክብር ሲባል የተጨመረ አይደለም፤ በእርግጥ ማወቅ ስለፈለግሁ ነው። አጎቴ ያዳመጡት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ሲሆን፣ የጻፉትን ሁለት ገጽ አሁንም አስቀምጬዋለሁ።

ከላክን በኋላ ሳምንት ያህል ቆይቶ መጠየቅ ይገባል፤ «ወደድከው?» ብሎ መጠየቅ ግን ሰውን ለይሉኝታ ይዳርጋል። «የት ላይ ደረስክ?» የሚለው ይሻላል። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ያቆመና አርባኛው ላይ ያቆመ ሰው የሚነግሩን ነገር የተለያየ ነው፦ የመጀመሪያው ርዕሱ ወይም ድምፁ አልያዘውም፣ ሁለተኛው ጊዜ አልበቃውም። እኔ በአንድ ደብተር ላይ ለማን፣ የትኛውን ክፍል፣ መቼ እንደላክሁና የት ላይ እንደቆመ እጽፋለሁ። የእህቴ ገጽ ላይ አሁን ዐሥራ ዘጠኝ ክፍሎች አሉ፤ አምስቱ ጎን «ረዘመባት» የሚል ሰፍሯል፣ ስለዚህ ለእርሷ ከአርባ ደቂቃ በላይ የሆነ ነገር መላክ ትቻለሁ።